ትምህርት አሥራ አራት ፦ ተስፋዬ ሣህሉ፣ የብዙ ገጽ ተዋናይ

ሀ. ከምንባቡ በፊት

ከዚህ በታች ባሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. በትምህርት ቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ተውኔት ሲቀርብ አይታችኋል? ከዋናው ባለታሪክ ሌላ የማይረሳችሁ ገጸ ባሕርይ ማን ነው?
2. አንድ ተዋናይ በጠባዩ፣ በዕድሜው ወይም በጾታው ከእርሱ ፈጽሞ የተለየ ሰው ሆኖ ለመጫወት ምን ምን ማጥናት አለበት?

ለ. ምንባብ

ተውኔት በሚታይበት አዳራሽ የተመልካቹ ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በንጉሡ ወይም በጀግናው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡን ንጉሥ የሚያሰኘው በፊቱ እጅ የሚነሣው አሽከር ነው፤ የጀግናውም ጀግንነት ጎልቶ የሚታየው ከጎኑ ፈሪው ወይም ሸረኛው ሲቆም ነው። እንዲህ ያሉትን ገጸ ባሕርያት እየለዋወጠ የሚጫወት፣ ዛሬ ሽማግሌ ነገ ለማኝ የሚሆን ተዋናይ በየአገሩ አለ። በአሜሪካ ዋልተር ብሬናን የተባለው ተዋናይ ስሙ የተጠራው ከዋናው ባለታሪክ ጎን የሚቆሙ ሰዎችን በመጫወት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936፣ በ1938 እና በ1940 በተሠሩ ፊልሞችም ሦስት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። በአገራችን በዚህ ዓይነት ችሎታ ከሚታወቁት ቀደምት ተዋንያን አንዱ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። የልጅነት ዘመናቸው ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጋር የገጠመ ነበር። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ይቀርብ በነበረው ቴአትር በተዋናይነት ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ቴአትር ለኅብረተሰቡ ገና እንግዳ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት ከጻፉ ብዙ አልቆየም፤ የአገር ፍቅር ማኅበርም የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነበር። በመድረክ ላይ የሚዘፍንና የሚጫወት ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ስለ ነበር፣ ልጁ ተዋናይ እንዲሆንለት የሚመኝ ወላጅ እምብዛም አልነበረም። ለሴት ልጅ ደግሞ መድረክ ላይ መውጣት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ታዲያ ተውኔቱ እናት፣ ሚስት ወይም ልጃገረድ ቢኖረው ማን ይጫወተው?

ይህን ክፍተት ከሞሉት ወንዶች አንዱ ተስፋዬ ነበሩ። የሴት ልብስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ አረማመዳቸውንና አቀማመጣቸውን ለውጠው የሴት ገጸ ባሕርያትን ተጫወቱ። ተዋናይነት ራሱ በሚናቅበት ዘመን ወንድ ሆኖ የሴት ቀሚስ መልበስ ስምን ለመዘባበቻ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። ነገር ግን ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አልነበረም። በእንግሊዝ በሼክስፒር ዘመን የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ልጆችና ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ካቡኪ በተባለው የጃፓን ቴአትርም ወንዶች የሴቶችን ክፍል እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። ሥራው ቀልድ ሳይሆን ጥናት የሚጠይቅ ሙያ ነው። ተዋናዩ በሴቲቱ ቢያሾፍባት ተመልካቹ ይሥቃል እንጂ አያምናትም፤ ኀዘኗን በእውነት ሲይዘው ግን ወንድነቱ ይረሳል።

ኢትዮጵያ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦርን ወደ ኮሪያ ስትልክ፣ ተስፋዬም ለዘማቹ ሠራዊት ትርኢት ለማቅረብ ወደዚያው ተጉዘዋል። ከአገሩ ርቆ በጦር ሜዳ ለሚገኝ ወታደር የአገሩን ዘፈንና ጨዋታ መስማት ምን ያህል እንደሚያጽናና መገመት አያዳግትም። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው፣ ሲከፈት ደግሞ በዚያ በብዙ ተውኔቶች ተካፍለዋል።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ተስፋዬ የልጆችን ዝግጅት ያቀርቡ ጀመር። ከዚያ በኋላ የአገሩ ልጅ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ብሎ ጠራቸው፤ እርሳቸውም ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሏቸው ነበር። ተረት ሲያወሩ አንበሳውም ጦጣውም አሮጊቷም እርሳቸው ነበሩ። በወጣትነታቸው በመድረክ ላይ ድምፅንና ገጽን መለዋወጥ የተማሩት ተዋናይ ያንኑ ጥበብ ለልጆች አዋሉት። በየቤቱ ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን ብዙ ልጆች ከጎረቤት ቤት ተሰብስበው ያዳምጧቸው ነበር። ይህ አገልግሎት ከ40 ዓመታት በላይ ቆየ። ለልጆች የተረት መጻሕፍትንም አሳትመዋል።

ተስፋዬ ሣህሉ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ወደ ሙያው ሲገቡ ተዋናይ የሚናቅ ሰው ነበር፤ ሲያርፉ ግን ያዘኑላቸው በእርሳቸው ተረት ያደጉ አያቶች፣ ወላጆችና ልጆች ነበሩ። የሙያን ክብር የሚያመጣው የያዙት ቦታ ከፍተኛነት ሳይሆን የተሰጠውን ሥራ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አሟልቶ መሥራት መሆኑን ሕይወታቸው ያስረዳል።

ሐ. የቃላት ፍች

ገጸ ባሕርይ ፦ በድርሰት ውስጥ የሚገኝ ባለታሪክ
እጅ መንሣት ፦ ጎንበስ ብሎ አክብሮትን መግለጽ
ሸረኛ ፦ ተንኮለኛ፣ ሤራ የሚያውጠነጥን
መዘባበቻ ፦ መሣቂያ፣ መሣለቂያ
ነውር ፦ የሚያሳፍር ድርጊት

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. በጥንቱ የአገራችን መድረክ ወንዶች የሴቶችን ክፍል ይጫወቱ የነበረው ለምንድን ነው?
2. «ተመልካቹ ይሥቃል እንጂ አያምናትም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
3. የመድረክ ልምዳቸው ለልጆች ዝግጅት የጠቀማቸው እንዴት ነው?
4. በምንባቡ መጨረሻ በተሰጠው ሐሳብ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ሠ. የጽሑፍ ልምምድ

በአካባቢያችሁ ሥራው እየተናቀ ሕዝብን የሚያገለግል አንድ ባለሙያ መርጣችሁ፣ ስሙን ሳትጠቅሱ፣ ስለ ሥራው ሦስት አንቀጽ ጻፉ።