የደረቀ ምድር ሁሉ የሞተ አይደለም

ረመዳን ሲገባ በየመስጊዱ በራፍ የምትሰማ አንዲት ፌዝ አለች፤ «የረመዳን ሙስሊሞች መጡ!» የምትል። እኔም ሶፉ ሞልቶ ቦታ ባጣሁ ጊዜ ብያት አውቃለሁ። ከዚህች ፌዝ እንድመለስ የረዳኝ ስለ አንዲት የበረሃ አበባ ያነበብኩት ነው።

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ የተንጣለለ ሶኖራ የሚባል በረሃ አለ። በሰኔ ወር ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። መሬቱን ያየ ሰው «ከዚህ ምን ይበቅላል?» ይላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ ግን ካልስትሮሚያ ግራንዲፍሎራ የምትባል ብርቱካናማ አበባ ሜዳውን ታለብሰዋለች። ዘሯ አፈር ውስጥ ተኝቶ ሙቀትና ውሃ ባንድነት የሚመጡበትን ጊዜ ሲጠብቅ ነበር። በብርዱ ወራት የሚጥለው ዝናብ ሌሎች አበቦችን ይቀሰቅሳል፤ የእሷ ወቅት ግን ሌላ ነው። አበባዋ ጧት ፈክቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ተክሏም ዓመት ሳይሞላት ዘሯን ለምድር አደራ ሰጥታ ትሞታለች።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐዲድ 16ኛ አንቀጽ እንደ ደረቁት ልቦች እንዳንሆን ያስጠነቅቀናል። ወዲያው በ17ኛው ምድርን ከሞተች በኋላ ሕያው የሚያደርጋት እርሱ መሆኑን እንድናውቅ ያዘናል። ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ከዚህ የወሰዱት ትምህርት፣ አላህ ከደረቁ በኋላም ልቦችን የሚያለሰልስ መሆኑን ነው።

ታዲያ በወንድማችን ልብ ላይ የሞት ፍርድ እንድንሰጥ ማን ፈቀደልን? አንዱን የወላጁ ጀናዛ ይቀሰቅሰዋል፤ ሌላውን የልጁ መወለድ፤ ሌላውን ደግሞ አንዲት የተራዊሕ ሌሊት። ዝናቡን የሚያወርደው አላህ ነው። የእኛ ድርሻ ጠጋ ብሎ ቦታ መልቀቅና ሰላምታ መስጠት ነው።

ለረመዳን መጪው ወንድሜም አንድ ቃል አለኝ። ያቺ አበባ ዝናቧን በመፍካት ብቻ አትጨርሰውም፤ ዘር ታስቀራለች። አንተስ ለሸዋል ምን አስቀርተሃል? አንዲት የሱብሒ ጀመዓ፣ በቀን አንዲት ገጽ ቁርኣን ብትሆን እንኳ ዘር ናት፤ ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት።

ወላሁ አዕለም።