እማዬን ስለ ሹሩባው ጠይቂያት

ሂጂ፣ ተመርመሪ። መሄዱስ አያጠያይቅም፤ የምመክርሽ አካሄዱን ነው። «ከ35 ዓመት በኋላ ኦቲዝም ነው ቢሉኝ ምን ይፈይድልኛል?» ብለሻል። ኦቲዝምን ራሱን የሚያክም ክኒን የለም፣ እውነትሽን ነው። አንቺ ግን የምትፈልጊው ክኒን አይደለም። ሰርግ ውለሽ ስትመጪ መጋረጃ ዘግተሽ ለምን እንደምትተኚ፣ የሥራ ቦታ የሻይ ሰዓት ከሥራው ይልቅ ለምን እንደሚያደክምሽ፣ የድብርት መድኃኒቱን እየወሰድሽም ለምን ያው እንደሆንሽ ማወቅ ነው የምትፈልጊው። ይህን ሁሉ «ስንፍና ነው፣ ሰው መጥላት ነው» እያልሽ ራስሽን ስትወቅሺ ኖረሻል። እህቴ ያላጠፋችውን ጥፋት ስትናዘዝ መስማት ለእኔ ከባድ ነው።

ምርመራው ደም የሚቀዳበት ወይም ጭንቅላት ራጅ የሚነሡበት አይደለም። መጠየቅ፣ ማድመጥና ማየት ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋሉ። አንዱ ከሰው ጋር መግባባት ላይ ያለ ችግር ነው። ሌላው በአንድ ነገር አብዝቶ መመሰጥ፣ የተለመደው ሲቀየር መረበሽ፣ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም የጨርቅ ንክኪ ከሌላው ሰው በተለየ መሰማት ነው። ደግሞ ከልጅነት የጀመረ መሆን አለበት። አንቺን የሚያስፈራሽ ይሄኛው ነው፤ «እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ምንም አልነበርኩም» ትያለሽ። በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ግን ምልክቶቹ የኑሮው ጫና ከአቅም በላይ እስኪሆን ድረስ ጎልተው ላይታዩ እንደሚችሉ፣ ሰውም በተማረው ዘዴ ሊሸፍናቸው እንደሚችል በግልጽ አስቀምጦታል።

ያንቺን የሸፈነው አስተዳደጋችን ነው። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፣ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም፤ አንዴ የያዘው ልጅ ጨዋ ይባላል። እንግዳ ፊት ልጅ ዝም ይላል። እጅ ማስታጠቡ፣ ፈንዲሻ ማዞሩ፣ ስኒ ማንሣቱ፣ ለሴት ልጅ በሰው ፊት የምትሠራው ሁሉ ተለክቶ የተሰጣት ነበር። አንቺ አንዱንም ሳታጓድዪ ትሠሪው ነበር፣ ሰዉም ጭምት ናት እያለ አመሰገነሽ። እንግሊዝ ስትመጪ ያ ሥርዓት ቀረ። ሊፍት ውስጥ ስለ አየሩ የሚወራ ወሬ መቼ እንደሚጀመርና በምን እንደሚያልቅ የነገረሽ የለም። አዲስ በሽታ አልያዘሽም፤ ደግፎ ያቆመሽ ነገር ነው የተነሣው። ለምትመረምርሽ ሐኪም ይህንን ንገሪያት። ታውቀዋለች ብለሽ አትለፊው፣ አታውቀውም።

ዓይን ማየትም እንዲሁ ነው። ብዙ ቦታ ኤዶስ የሚባለውን የምርመራ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሰጥተው ታሪኩን ንገሪን ይሉሻል፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ብቸኝነት ይጠይቁሻል፤ መልስሽን ብቻ ሳይሆን ስትመልሺ ዓይንሽና እጅሽ ምን እንደሚያደርጉም ያያሉ። ታዲያ እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር ትኩር ብሎ ማየት ድፍረት ነው። ሐኪሟ ይህን ካላወቀች ጨዋነትሽን ምልክት ብላ ልትመዘግበው ትችላለች፤ በወሬ የሰማች ከሆነች ደግሞ እውነተኛውን ምልክት «ባህላቸው ነው» ብላ ልታልፈው ትችላለች። ስለዚህ ልዩነቱን አንቺው አስረጃት። ከእኩዮችሽ ጋርስ? ከእኔ ጋርስ? «ዓይን ካየሁ የሚሉኝን አልሰማም» ብለሽ የነገርሽኝን ሳትቀንሺ ንገሪያት። በዚያን ቀን ደግሞ ለሰርግ እንደምትዘጋጂው ፈገግታ ተለማምደሽ አትሂጂ። ደክሞሽ ከሆነ ደክሞሽ ታይ።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ፣ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞቹ ልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው ማነጋገር ይፈልጋሉ። እማዬ የምትለውን አውቃለሁ፤ «ልጄ ምንም የላትም! ታዛዥ፣ ጎበዝ ተማሪ ነበረች» ትላቸዋለች። ልጇን መከላከሏ ነው። ኦቲዝም ሲባል እሷ የምታውቀው ቴሌቪዥን ላይ ያየችውን ነው። ዘሚ የኑስ ለልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት አጥታ በ2002 በአውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ሕፃናቱ እንዳይደበቁ ብላ ነው፤ በ2021 እስካረፈች ድረስም ስለ እነሱ መናገር አላቆመችም። ብዙ እናቶች የኦቲዝምን ስም የሰሙት ከእሷ ነው። የሰሙት ግን ስለማይናገር ወይም ዘግይቶ ስለተናገረ ልጅ ነው፤ ዲግሪ ይዛ፣ ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት በአእምሯቸው የለችም። ሌላው ደግሞ እማዬ ጥፋቱ የእናት እንዳይባል መፍራቷ ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ከአስተዳደግ የሚመጣ እንዳልሆነ፣ አብሮ የሚወለድና ብዙውን ጊዜም በቤተሰብ የሚወረስ እንደሆነ ንገሪያት።

ከዚያ «ችግር ነበረብኝ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት። ሹሩባ ስሠራ ለምን ነበር የማለቅሰው፣ ማን ማን ይይዘኝ ነበር በያት። ለበዓል ቤቱ በሰው ሲሞላ የት ነበር የምገኘው? ጉርሻ ሲሰጡኝ ምን አደርግ ነበር? የትኛውን ሹራብ ነበር አልለብስም የምለው? ስለ ሹሩባው ከጠየቅሻት አታቆምም፣ ታያለሽ። ዕቃቃውን ግን እኔም አስታውሰዋለሁ። ሌሎቹ እናትና አባት ሆነው ሲጫወቱ አንቺ ቆርኪዎቹን በቀለም እየለየሽ ትደረድሪ ነበር፤ አንዱን ያነሣብሽ ሰው ካለ ያ ቀን በለቅሶ ያልቃል። እማዬ መናገር ካቃታት ታላቅ እህትም ምስክር ትሆናለች። አዝዬ ያሳደግኩሽ ነሽና ስልኬን ስጫቸው።

አስተርጓሚ ከፈለግሽ ጠይቂ፤ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ በኤንኤችኤስ ነፃ ነው። የሐበሻው ሰው ትንሽ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የምታገኚው ሰው እንዳይመጣ ከሰጋሽ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቂ። አስተርጓሚውንም አስቀድመሽ «ንግግሬን አታሳምርልኝ» በዪው። ጥያቄውን ቃል በቃል ወስደሽ ከመለስሽ፣ ወይም ስለምትወጃቸው የባቡር መስመሮች ጀምረሽ ማቆም ካቃተሽ፣ ሐኪሟ መስማት ያለባት እሱን ነው። ጥሩ አስተርጓሚ ሰው እንዳያፍር ብሎ ንግግሩን ያቃናል፤ እዚህ ላይ ግን ደግነቱ ይጎዳሻል።

መልሱ ኦቲዝም አይደለም ሊሆን ይችላል፤ ያንንም አስቢበት። ከሀገር የወጣሽበት መንገድ ቀላል አልነበረም። ከዚያ የተረፈ ፍርሃትም ከሕዝብ ያርቃል፣ በድምፅ ያስደነግጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈዪና ከጉዞው በፊት የነበረውን በአንድ ወገን፣ በኋላ የመጣውን በሌላ ወገን ጻፊ፤ ለሐኪሟ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይሄ ይጠቅማታል።

ለሥራ ቦታሽ መንገር ግዴታ የለብሽም። ከነገርሽ ግን በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የእኩልነት ሕግ ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርጉልሽ ያስገድዳቸዋል፤ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የስብሰባውን አጀንዳ ቀድሞ በጽሑፍ ማግኘት። መኪና መንዳትሽ ላይ ተጽዕኖ ካለው ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለብሽ። ለዕቁብ ሴቶቹ የምትናገሪው ነገር የለም፣ ካልፈለግሽ።

አጀማመሩ በቤተሰብ ሐኪምሽ፣ በጂፒ ነው። ኤኪው-10 የሚባል የ10 ጥያቄዎች ቅጽ አለ፤ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለምርመራ መላክን እንዲያስቡበት ያደርጋል፣ ምርመራው ራሱ ግን አይደለም። ጥያቄዎቹን «በሌላ ሰው ፊት ምን አደርጋለሁ» ብለሽ ሳይሆን «ምን ያህል ያደክመኛል» ብለሽ መልሺ። ወረፋው ከዓመት በላይ ሊሄድ ስለሚችል «ራይት ቱ ቹዝ» የሚለውን ስም ያዢ፤ እንግሊዝ ውስጥ ጂፒሽ ከኤንኤችኤስ ጋር ውል ወዳለው ወደመረጥሽው ተቋም እንዲልክሽ የሚያስችል መብት ነው። በስኮትላንድና በዌልስ የለም። በግል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ስለሚጠይቁ፣ ከመክፈልሽ በፊት ውጤቱን ኤንኤችኤስ ይቀበለው እንደሆነ አጣሪ።

ስልክ መደወል እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ። አትደውዪ፤ ብዙ ጂፒዎች በኦንላይን ቅጽ ይቀበላሉ። «ለአዋቂ ኦቲዝም ምርመራ ሪፈር እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ» ብለሽ ጀምሪና ከልጅነትሽ ሦስት፣ ከአሁኑ ኑሮሽ ሦስት ምሳሌ ጨምሪበት። ሳትልኪው ላኪልኝና አብረን እንየው፤ እንግሊዝኛሽ ከእኔ ይሻላል፣ ግን አሳንሰሽ እንደምትጽፊ አውቃለሁ።