ዶማ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ለኮንዶሚኒየም አትክልተኞች የቀረበ ማሳሰቢያ

በጀሞም፣ በሰሚትም፣ በኮዬ ፈጬም በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ባዶ መሬት አይጠፋም። አንዱ ግቢ ጎመን ሲተክል ሌላው አይቶ ይቀናል፤ እንዲህ ያለው ቅናት ደስ ይላል። እኛ ግቢ ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ሁለቱንም ጊዜ አረም ዋጠው፤ የጸናው ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን የገደላቸው ትል ወይም የውሃ እጥረት አልነበረም። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚወስድ ሳንነጋገር በመጀመራችን ነው።

መሬቱ የማን እንደሆነ እወቁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 370) የጋራ መጠቀሚያውን ለቤት ባለቤቶች ሁሉ በጋራ ይሰጣል። ስለዚህ ምድር ቤት የሚኖር ሰው «በሬ ላይ ነው» ብሎ አያጥረውም፤ አራተኛ ፎቅ ያለውም ድርሻ አለው። ጉዳዩን ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ጉባኤ አቅርባችሁ በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ያለዚያ መኪና ማቆሚያ ያጣ የመጀመሪያው ሰው መጥቶ መኪናውን ያቆምበታል። ተከራዮችን ግን አትግፉ። ጉባኤ ላይ ድምፅ ባይኖራቸውም፣ በእኛ ግቢ ውሃ በማጠጣት ባለቤቶቹን ያስከነዳሉ።

አፈሩን ሳታዩ ችግኝ አትግዙ። ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ፣ ምስማርና የብሎኬት ስባሪ ስስ አፈር ለብሶ ይተኛል። እኛ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የሠራነው ለቀማ ብቻ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ክረምት ላይ ውሃ ስለሚተኛ መደቡን ከፍ አድርጉት። የፍሳሽ ማንሆሉ የት እንዳለ፣ ሲሞላም ወዴት እንደሚፈስ ጠይቁ፤ በዚያ መንገድ ላይ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ አይተከልም። ከወንዝም በጀሪካን አትቅዱ፤ የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚያልፉት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ የጋራውን ሮቶ በጎማ አታሟጡ። አትክልት የታጠበበት ውሃ ለመደብ ይሆናል፤ ኦሞ ወይም በረኪና የነካው አይሆንም። ኮምፖስት ውስጥ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና ደረቅ ቅጠል ይግባ። ሥጋና የወጥ ትራፊ አይጥ ይጠራል። የከብት ፍግ ካገኛችሁ ትኩሱን ሳይሆን ከርሞ የተብላላውን ጨምሩ።

ጸብ የሚነሣው በመትከያው ቀን አይደለም፤ በመቅጠፊያው ቀን ነው። ጎመን ከታች ያሉት ትልልቅ ቅጠሎቹ ብቻ ይቀነጠሳሉ፤ መሐሉ ላይ ያለው ለጋ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። ቆስጣም እንደዚያው። አንድ የጾም መያዣ ሰሞን ጠዋት ስንወርድ ከአሥራ ሁለት እግር ጎመን ሰባቱ በቢላ ከግንዳቸው ተቆርጠው ነጫጭ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ሌባ አልገባም። ተራቸው የነበረ አንዲት እናት ናቸው። ስንጠይቃቸው ደንግጠው፣ «እኔ ልጄ፣ ጎመን ታስሮ ከገበያ ነው የማውቀው፤ ሲቀነጠስ መቼ አይቼ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላሳያቸውም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲገባ ከመኮትኮቱ በፊት አቀነጣጠሱን ይማራል። የወሰደም፣ የሠራም ስሙንና ቀኑን በመዝገብ ያሰፍራል። ክፍፍሉ እያንዳንዱ በሠራበት ቀን ልክ ይሁን። «ገንዘብ አዋጥቻለሁ» የሚል ግን አንድ ቀን ዶማ ያልጨበጠ ሰው ከሠራው እኩል እንዲወስድ እኔ በበኩሌ አልስማማም።

ክሽክሽ የቅጠሉን ጀርባ ሲወርረው ቅጠሉን ገልብጣችሁ ለስለስ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡት። በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ መድኃኒት አትንኩ። ማላታይንም ቢሆን ከተረጨ በኋላ እስኪበላ የሚቆጠር ቀን አለው፤ በጋራ ጓሮ ያንን ቀን ማን ይቆጥራል? አንዱ ማታ ይረጫል፣ ሌላው ጠዋት ቀንጥሶ ድስት ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ጭራሽ አይረጭ።

በክረምት ቲማቲም አትሞክሩ፤ ዋግ ይጨርሰዋል። ችግኝ የምትተክሉት ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ካሮት ብቅ እስኪል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ለልጆች መደብ ከሰጣችሁ ቶሎ የሚያዩትን ቆስጣ ስጧቸው፤ ካሮቱን በየቀኑ እየቆፈሩ ያዩታል።

ዘበኛውን አትርሱ። ሌሊት ጓሮውን የሚጠብቀው እሱ ነው። በፌስታል የተቋጠረ ትራፊ ከመስጠት ስሙን በመዝገቡ አስገብታችሁ ተራውን አድርሱት።

በግቢያችሁ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ስብሰባውን ከሰኔ በፊት ጥሩ። ዝናቡ ከገባ በኋላ ጭቃ ላይ ቆሞ ቃለ ጉባኤ የሚፈርም ሰው አታገኙም።