የብረት ጎተራው ከመምጣቱ በፊት ቦታው ይዘጋጅ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እህል ማከማቻ ነው። ጎተራው ስለሚቆምበት ቦታ እንማራለን። ጎተራ አዝዞ ቦታውን ሳያሰናዱ መቀመጥ፣ ሙሽራ በር ላይ ቆማ ቤት እንደ መጥረግ ነው።

1. ነገሩ ለምን ያስቸግራል?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከጣርማበር ቁልቁለት በታች የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ያበቅላል። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ከዚያ ወዲያ ግን የበልግ ዝናብ አለ፤ ክረምትም አለ። ሙቀትና ርጥበት ሲገናኙ ነቀዝና ሻጋታ ይበረታሉ።

እስቲ እናስላ። በሞቃት ቦታ ነቀዝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመውለድ የምትደርሰው በ5 ሳምንት ገደማ ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ መጨረሻ 34 ሳምንት ያህል አለ። 34 ለ5 ሲካፈል ከ6 በላይ ይሆናል። ስለዚህ በጥር ከእህሉ ጋር የገቡ ጥቂት ነቀዞች እስከ ነሐሴ 6 ጊዜ ትውልድ ይተካሉ። ነሐሴ ደግሞ እህል የሚወደድበት ወር ነው። ነቀዝን ፈርቶ በጥር በርካሽ የሸጠ ገበሬ በነሐሴ በውድ ይገዛል።

በደንብ የተዘጋ የብረት ጎተራ አየር አያስገባም። ውስጡ የቀረች ነቀዝ አየር አጥታ ትሞታለች። አይጥም ብረት አትቦረቡርም። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በሆንዱራስና በጎረቤቶቿ፣ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ገበሬዎች በቆሎአቸውን በዚህ ዓይነት ጎተራ አስቀምጠዋል። በአገራችንም ሠልጥነው የሚሠሩት ባለ ሙያዎች አሉ። ነገር ግን ቦታው ካልተመቸ ጎተራው ብቻውን እህል አያድንም።

2. የት ይቁም?

ጥላ ያለበት ይሁን። ቀን ፀሐይ ብረቱን ታግለዋለች፤ ሌሊት ይበርዳል። በእህሉ ውስጥ ያለው ርጥበት ወደ ቀዝቃዛው ብረት ሄዶ ጠብታ ይሆናል። የድስት ክዳን ሲያነሡ ውሃ ይንጠባጠብ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ጠብታው ያረፈበት እህል ይሻግታል። ስለዚህ ጎተራው ከጣሪያ ሥር መቆም አለበት።

ጎርፍ የማይደርስበት ይሁን። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላውን በድንገት ያጥለቀልቀዋል። በሮቢ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን አይነገረውም።

ከበረትና ከማዳበሪያ ይራቅ። የከብት ሽንትም ማዳበሪያም ብረት ያዝጋሉ። የዛገ ብረት ይበሳል፤ በቀዳዳው አየር ይገባል።

ሰው የሚተኛበት ቤት አይሁን። ይህን ደግመው ያንብቡ። አንዳንድ ሰው ለነቀዝ ክኒን ይጨምራል። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ፎስፊን ይባላል። ጋዙ ነቀዝን እንደሚገድል ሰውንም ይገድላል። ጎተራው በትንሽ ቀዳዳ ቢያስተነፍስ፣ ማታ የተኙ ልጆች ጠዋት ላይነሡ ይችላሉ። ክኒኑንም ቢሆን ያለ ግብርና ባለሙያ ምክር አይንኩት።

3. እንለካ

ጎተራው 5 ኩንታል የሚይዝ ነው እንበል። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 140 ሴንቲ ሜትር ነው። የቤትዎ በር ወርድ ግን 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ? ጎተራው አይገባም። እንደ ጆንያ አይታጠፍም። ቢያጋድሙትም ወርዱ ያው 80 ነው። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት በሩን ይለኩና ለሠሪው ይንገሩ። ጋሪው ወይም ተሸካሚው የሚመጣበትን መንገድም አይርሱ።

በዙሪያው ሰው ገብቶ እንዲያይና እንዲጠርግ በየጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። 50 + 80 + 50 = 180። ወለሉ 180 በ180 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ወደ ላይም ይለኩ። መደቡ 30፣ ጎተራው 140፣ እህል ለመገልበጥ 100። ድምሩ 270 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣሪያው ከዚህ ዝቅ አይበል።

4. መደቡን እንሥራ

5 ኩንታል ማለት 500 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ግማሽ ካሬ ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ ያርፋል። መሬቱ ልል ከሆነ ጎተራው ወደ አንድ ጎን ይሰምጣል፤ ብየዳው ይሰነጠቃል። መረሬ አፈር በተለይ ያስቸግራል። ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ሣሩንና የላዩን ልል አፈር ቆፍረው ያውጡ። የምስጥ ኩይሳ ካለ ከሥሩ ይንቀሉት።

ለ. ጉድጓዱን በድንጋይና በጠጠር ይሙሉት። ደጋግመው ይደልድሉት።

ሐ. በላዩ ጠንካራ የእንጨት ርብራብ ያቁሙ። ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። እህሉ የሚወጣበት ከታች ስለሆነ ቁና ወይም ባልዲ ሥሩ መግባት አለበት።

መ. ውሃ የሞላ ሳህን ርብራቡ ላይ ያስቀምጡ። ውሃው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መደቡ ገና አልተስተካከለም።

ሠ. ከቤቱ ውጭ በዙሪያው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቅደዱ።

5. ጎተራው ሲደርስ

መጀመሪያ ውስጡን በባትሪ ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን ይመርምሩ። ወደ ውስጡ ሲመለከቱ ከውጭ ብርሃን ሲገባ ካዩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ሳይረከቡ ያስጠግኑ። ባዶውን ያቁሙት፤ የሞላ ጎተራ አይነቀነቅም። የእህል መውጫው ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ እርስዎ ይዙር።

ርጥብ እህል አይጨምሩ። ጥቂት ማሽላና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ይነቅንቁ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ርጥብ ነው። ባይጣበቅም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨምሩለት። የብረት ጎተራ ከጆንያ ይበልጥ የደረቀ እህል ይፈልጋል። እህሉ ሲቀዘቅዝ ይጨምሩት፤ ክዳኑንም አጥብቀው ይዝጉ።

መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው። ጎተራው በር ላይ ከደረሰ በኋላ መደብ መሥራት ሥራ ያበላሻል።

ጥያቄዎች

1. የብረት ጎተራ ፀሐይ ላይ ቢቆም እህሉ ምን ይሆናል? ለምን?

2. ጎተራ ሰው በሚተኛበት ቤት የማይቀመጠው ለምንድን ነው?

3. የሌላ ጎተራ ወርድ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። በየጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር ቢተው ወለሉ በስንት በስንት ይሁን?

4. የቤትዎ በር ወርዱ ስንት ነው? ለክተው በደብተርዎ ይጻፉ።