ቦሩ ሜዳና በርሊን

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቶቻችን በአጼ ዮሐንስ ዘመን ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ ሲገደዱ ከለላ የሚሆናቸው ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም? (ከውጫሌ)

መልስ፦ ለእነሱ አልነበረም። የሚያስቆጨው የዘመኑ መገጣጠም ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ጦር አነሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተፈረመው የበርሊን ውል ደግሞ ሮማኒያና ሰርቢያ ነጻነታቸው እንዲታወቅላቸው ሃይማኖትን ምክንያት አድርገው ሰው እንዳይበድሉ ግዴታ ጣለባቸው። ከለላው ኃያላኑ በመረጡት አገር ብቻ የሚሠራ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ፖላንድ ባሉ አገሮች ላይ የተጣሉት የአናሳዎች ውሎችም ያው ነበሩ፤ ፈረንሳይንና እንግሊዝን አልነኩም። በእኔ እምነት ያፈረሳቸው ይኸው አድልዎ ነው።

ለሁሉም ሰው የሚሠራ ቃል የመጣው በ1941 ዓ.ም. ነው፤ ሃይማኖትን የመያዝም የመቀየርም ነጻነትን በአንቀጽ 18 ያወጀውን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ኢትዮጵያም ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የእምነት እኩልነት ለመጠየቅ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ መውጣት ነበረባቸው። አናሳዎችን በስም የሚጠብቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ አንቀጽ 27፣ እኛን ያሰረን በ1985 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አቤት የሚሉ ከሆነ ይህንና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 አብረው ይጥቀሱ።