«ብልህ ሰው አያምንም» ለሚሉሽ

ለእህቴ ልጅ፣

ባለፈው ስትደውዪ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርሽኝ። አብራሽ የምትማረው ልጅ «ሃይማኖተኛ ሰው አእምሮው ደከም ይላል፤ በጥናት ተረጋግጧል» ብላሻለች። ነገሩን ይዘሽ ቤት ስትሄጂ ደግሞ አባትሽ «እንዲህ ያለውን መጠየቅ በራሱ ኃጢአት ነው» ብሎ አስቆመሽ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። በስልክ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም፤ ፈተና ላይ ስለሆንሽም እዚህ ወደ ኦሃዮዋ ደብሊን ብቅ አትዪም ብዬ ጻፍኩት። ቁጥር የሰጠሁት እያቋረጥሽ እንድታነቢው ነው። ዓመቶቹን አንቺ በለመድሽው በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌልሻለሁ።

1. መጀመሪያ ጥናቱን ራሱን እዪው።

ጓደኛሽ ነገሩን ከሜዳ አላመጣችውም። በ2013 ሚሮን ዙከርማን የተባሉ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር 63 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው በአንድ ላይ መረመሩ። በ53ቱ ውስጥ የብልህነት ፈተና ውጤት ከፍ ሲል ሃይማኖተኛነት ዝቅ ይላል። በ2020 የጥናቶቹን ብዛት 83 አድርሰው ደገሙት፤ አቅጣጫው አልተለወጠም። ስለዚህ «ፈረንጅ ሃይማኖታችንን ሊያጠፋ የፈጠረው ወሬ ነው» የሚልሽን አትስሚ።

አሁን መጠኑን ተመልከቺ። በ2013ቱ ጥናት የዝምድናው መጠን በአማካይ ከዜሮ በታች 0.24 ገደማ ነው። ስታቲስቲክስ ወስደሻልና ቁጥሩን በራሱ አባዢው፤ 0.06 አይሞላም። ሰዎች በሃይማኖተኛነታቸው ከሚለያዩበት ነገር ከመቶ ስድስት እጁን እንኳ ከፈተናው ውጤት ጋር ማያያዝ አይቻልም ማለት ነው። የቀረው ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ከእናት፣ ከአገር፣ ከሐዘን፣ ከጎረቤት፣ ማንም ካልቆጠረው ነገር። ይህን ቁጥር ይዞ ስለ አያትሽ አእምሮ የሚፈርድ ሰው ስታቲስቲክሱን ራሱ አልገባውም።

ደግሞ የተጠኑት ሰዎች በብዛት አሜሪካውያንና ምዕራባውያን ናቸው። አጥኚዎቹ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሲዘረዝሩ ካነሷቸው አንዱ፣ በፈተናው ከፍ ያለ ውጤት የሚያመጣ ሰው ብዙኃኑ ያለውን ዝም ብሎ አልቀበልም የማለት ዝንባሌ አለው የሚል ነው። እንግዲህ ይህን ወደ እኛ አገር ውሰጂው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2017 ባወጣው ዘገባ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 98 ከመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው በጣም አስፈላጊ እንደሆነ ተናግረዋል። እዚያ ሐኪሙም፣ ባለቅኔውም፣ እረኛውም፣ ሌባውም ያምናል። በእምነት ብልሁን ከሞኙ ልለይ ብትዪ በምን ትለዪዋለሽ?

2. ራሱን የሚያርም ሰው ስታዪ አክብሪው።

በ2012 ካናዳ ውስጥ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አወጡ። የሮዳንን «አሳቢው» ሐውልት ምስል ያዩ ተማሪዎች ሌላ ሐውልት ካዩት ይልቅ እምነታቸው ቀነስ ብሎ ተገኘ ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2017 ሌሎች አጥኚዎች ብዙ እጥፍ ሰው ሰብስበው ሲደግሙት ግን ምንም የለም። ከሁለቱ አንዱ ዊል ጀርቬ በአደባባይ የሙከራውን ድክመት አመነ፤ በ2018ም ከሌሎች ጋር ሆኖ በ13 አገሮች ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ጠይቆ፣ አመዛዛኝ አስተሳሰብና አለማመን ያላቸው ዝምድና ደካማ እንደሆነና ከአገር አገር እንደሚለዋወጥ ጻፈ።

ይህን የነገርኩሽ ጓደኛሽን እንድታሳፍሪበት አይደለም። ስሙ የገነነበትን ሥራ ራሱ የሚያፈርስ ሰው ብርቅ ነው። በአንድ እሑድ የተሰበከ ስሕተት በሚቀጥለው እሑድ «ተሳስቼ ነበር» ተብሎ ሲታረም ስንት ጊዜ ሰምተሻል? (ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለአባትሽ አታንብቢለት።)

3. «አባቶቻችን አይጠይቁም ነበር» ሲሉሽ እሺ አትበዪ።

ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ሌላ ሰው የደረሰውን ይዞ ቢቀርብ ዋጋ የለውም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩም ያርመዋል። በትርጓሜ ጉባኤ ደግሞ ለአንድ ኃይለ ቃል አንድ ፍቺ ተሰጥቶ አይዘጋም። «አንድም» እየተባለ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይከተላል፤ ተማሪው ሁሉንም ይይዛል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሊቅ ጥያቄ አያስደነግጠውም። የሚደነግጠው ጉባኤ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ማይክሮፎን የጨበጠው ነው።

በ15ኛው መቶ ዘመን አባ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኩሴ ለንጉሥ አልሰግድም አሉ። ተከታዮቻቸውን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስገረፉ፣ አካላቸውን አስቆረጡ፣ አስገደሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን «ደቂቀ እስጢፋኖስ፡ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ፈልገሽ አንብቢው። እነዚህ ሰዎች ከከሳሾቻቸው ያላነሰ የሚያምኑ ነበሩ። ጥያቄያቸው የመጣው ከእምነታቸው ውስጥ ነው።

ሁሉም ግን አያምርም። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራከሩ፤ ነገሩን የቋጨው ግን የዐፄ ዮሐንስ ሥልጣን ነበር፤ የወሎ ሙስሊሞችም ተጠመቁ ተብለው ተገደዱ። የመጠየቅ ባህላችን እውነት ነው፤ ጠያቂውን በዱላ ዝም ማሰኘታችንም እውነት ነው። አንዱን አንስተሽ ሌላውን አትደብቂ።

4. ዘርዐ ያዕቆብን እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥለሽው አትዙሪ።

ንጉሡን ሳይሆን ፈላስፋውን ነው። አንድ ቀን «እኛም ከዴካርት ጋር እኩያ ፈላስፋ ነበረን» ማለትሽ አይቀርም፤ ዲያስፖራው ይህን ይወዳል። በስሙ በሚታወቀው መጽሐፍ፣ በ«ሐተታ»ው፣ እንደተጻፈው፣ ሰውየው በ1599 አክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩ ሲታመስ ተከሰሰና ሸሸ፤ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ተቀመጠ። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ እያንዳንዱ «የኔ ብቻ ልክ ነው» ሲል ሰማና ዳኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የደረሰበት መልስ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና የሚል ነው። በዚያ ሚዛን ጾሙን፣ ምንኵስናውን፣ የባሪያ ንግዱን መዘነና ነቀፈ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ፈጣሪን ግን አልካደም፤ እንዲያውም ሲጸልይ ነው የምናገኘው። ጓደኛሽ ይህን ሰው ከየትኛው ወገን ትመድበዋለች?

አሁን ወደ መራራው። የ«ሐተታ»ው ቅጂ ለዓለም የታወቀው በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ ለአሳሹ ለአንቷን ዳባዲ በላከው በኩል ነው፤ ዛሬ ፓሪስ አለ። በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ኡርቢኖ ነው አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር ደራሲው ኢትዮጵያዊው ነው ሲሉ በበርካታ ጥራዝ ተሟገቱ። በዘመናችን ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን የፈጠራ ሥራ ነው ብላ ክርክሩን ቀሰቀሰችው። ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በኋለኛ ጽሑፋቸው ዋናው የኢትዮጵያዊው ነው፣ ኡርቢኖ ግን እጁን አስገብቶበታል ወደሚለው አዘነበሉ። እኔ የጌታቸው ይሻለኛል፤ ግን አልምልበትም። አንቺም ስሙን ስትጠሪ ክርክሩን አብረሽ ጥሪ። የኛ ስለሆነ ብቻ ማስረጃ ሳንጠይቅ ከተቀበልነው፣ ሰውየው የነቀፈውን ነገር በስሙ አደረግነው።

5. የድንቅነሽን ነገር ቤት ስትገቢ አትደብቂ።

የድንቅነሽን ጥንታዊ አጥንቶች በ1974 ሐዳር ላይ ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰን ያኔ እዚሁ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ይሠራ ነበር። አጥንቶቿም ለጥናት ወደ ክሊቭላንድ መጥተው በ1980 ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ከኛ ብዙ ቀድማ ኦሃዮን ኖራባታለች። በኋላም የዚያው ሙዚየም የሰው ዘር አመጣጥ ክፍልን ለዓመታት የመራው ኢትዮጵያዊው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነው። ሰላም የተባለችውን ጥንታዊ የሕፃን ቅሪተ አካል ዲኪካ ላይ ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድም ያገርሽ ልጅ ነው።

ይህ ግዛት ደግሞ በሰው ዘር አመጣጥ ነገር ተጣልቷል። የኦሃዮ የትምህርት ቦርድ በ2004 ዝግመተ ለውጥን «በትችት እንመርምር» የሚል ትምህርት አጽድቆ፣ የሃይማኖት ትምህርት በኋላ በር ማስገቢያ ነው የሚል ክርክር ከተነሣ በኋላ በየካቲት 2006 በ11 ለ4 ድምፅ ሰረዘው። እኔ የማምን ሰው ነኝ፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ግን ጸሎቴን አላቋረጠብኝም። ባዮሎጂ መምህርሽ ፊት አንድ፣ ንስሐ አባትሽ ፊት ሌላ ሰው አትሁኚ። ሁለት ፊት መያዝ ከማመንም ካለማመንም ይልቅ ያደክማል።

6. ሪቨርሳይድ ድራይቭ ላይ ወዳለው የድንጋይ ራስ ሂጂ።

ልጅ ሆነሽ ሳዮቶ ፓርክ ውስጥ የምትወጪበት ትልቁ የድንጋይ ፊት የሌዘርሊፕስ ነው፤ ራልፍ ሄልሚክ በ1990 የሠራው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዋያንዶት ሕዝብ አለቃ ነበር። በ1810 የገዛ ወገኖቹ አስማተኛ ነህ ብለው እዚሁ በመጥረቢያ ገደሉት። ክሱ የመጣው የሌላው የነባር ሕዝቦች መሪ የተከምሴ ወንድም፣ «ነቢዩ» የተባለው ሰው፣ ባቀጣጠለው መንፈስ ነው። ሽማግሌው ግን ከነጭ ሰፋሪዎቹ ጋር በሰላም እንኑር ባይ ነበር፤ እውነተኛው ጥፋቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ኋላ ቀሮች» ብለሽ እንዳትስቂ። እኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቤተ እስራኤሉን ቡዳ ስንል ኖረናል። ያረሰበትን ማረሻ የሠራለትን ሰው ገበሬው ከማዕዱ አያቀርበውም፣ ልጁን አይድርለትም ነበር። መሬት የነፈገውን ሰው «ዓይኑ ይበላል» እያለ ይሸሸው ነበር። ይህን የሠራው የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ብዙ መጽሐፍ ያወቁ ሰዎችም ብለውታል። ለኔ ከጓደኛሽ ጥያቄ ይልቅ ይኸኛው ይብሳል፦ ይህ እምነት ማንን ይጎዳል? ከተጎጂውስ ውድቀት ማን ይጠቀማል? እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ዛሬም «የጠይብ ዘር ነው» ተብሎ ጋብቻ ሲከለከል ከሰማሽ፣ ዝም አትበዪ። ያኔ ጠይቂ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።

7. ሳታነቢ አትሟገቺ።

የዓለም ቤተ መጻሕፍትን መዝገብ፣ ወርልድካትን፣ የሚያስተዳድረው ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ደብሊን ያለው ኦሲኤልሲ ነው፤ በየቀኑ እናልፈዋለን። ከ1988 ጀምሮ የዱዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ባለቤትም እሱ ነው። በዚያ አመዳደብ የሥነ ልቦና መጽሐፍ 150 ላይ፣ ሃይማኖት 200 ላይ፣ ሳይንስ 500 ላይ ነው። የአንቺ ክርክር መጻሕፍት ሦስት ቦታ ተበትነዋልና ሦስቱም ጋ መሄድ አለብሽ።

8. አባትሽን በእንግዳ ፊት አትጠይቂው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ቡና እየጠጣ፣ ተርቦ እያለ ከጠየቅሽው «ኃጢአት ነው» ቢልሽ አልፈርድበትም። መኪና ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቂው። «ታምናለህ ወይ» አትበዪው፤ እንዴት ማመን እንደጀመረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ተጠራጥሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። ደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ «ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው» የሚለውን ትምህርት ከጓደኛሽ በፊት ሰምቶታል። ያኔ ለመጸለይ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የሚፈራው ጥያቄሽን አይመስለኝም፤ ያ ዘመን በልጁ አፍ ተመልሶ እንዳይመጣበት ነው።

ጓደኛሽንም ፈተናው ሲያልቅ ይዘሻት ነይ፤ ጥናቱን አትማ ትምጣ። ዓርብ ከመጣችሁ ሽሮ ነው፤ ቅዳሜ ከሆነ አክስትሽ ዶሮ ትሠራለች። የጌታቸውን መጽሐፍ አውጥቼ አስቀምጥልሻለሁ፤ ግን እንደ ባለፈው ስድስት ወር አታቆዪብኝ።

አጎትሽ