«እስከ» የምትለው ቃልና ሚዛናችን



በቡሬ ገበያ አንድ በቆሎ ሻጭ «ይህ ጆንያ እስከ መቶ ኪሎ ነው» ቢለን፣ ሳናስመዝን አንከፍልም። «እስከ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ» የተባለ ኢንተርኔት ግን ሳንመዝን እንገዛለን። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ 4 ሜጋ ቢት ማለት ግማሽ ሜጋ ባይት ነው። በዚህ ፍጥነት 30 ሜጋ ባይት የትምህርት ፋይል በአንድ ደቂቃ ይወርዳል። ፍኖተ ሰላም ያለ ተማሪ ሁልጊዜ ሩብ ሰዓት የሚጠብቅ ከሆነ፣ የከፈለው ለምኑ ነው?

ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው አሟልተው ተቀብለው ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ያስጠነቅቃል። ዑለሞችም መጠኑ ያልታወቀ ሽያጭን «ገረር» ይሉታል።

እርግጥ መብራት ይጠፋል፤ አንዱን ማማ የሚጋራውም ሰው ይበዛል። ሻጩ ግን ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ከፍተኛውን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውን ፍጥነትም ይናገር፤ ከዚያ ካጎደለ ይካስ።

የእኛስ ድርሻ? በተለያየ ሰዓት እንለካ፣ እንመዝግብ፤ አቤቱታችንን መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ካልሰማን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እናቅርብ። ሳይለኩ መወንጀልም ሚዛን ማጉደል ነውና።